ጀርባዬን ሰጥቼ የተናገርሁት

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጥፋቴን እንጂ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አልዘረዘርሁላቸውም። ዛሬ የምጽፈውም ልቤ ስለ ቀለለኝ አይደለም። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቴ ከሆስፒታል ሲመለስ በሬ ላይ አግኝቶኝ፣ «የኔታ፣ ሐኪሙ ያለውን ለሚስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አንድ ቃል አጥቼ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። በቃል ያቃተኝን በጽሑፍ ልክፈል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በዚያን ጊዜ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርሁ። በጎንደር ከሚገኙት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ሆኜ ቅኔ አስተምር ነበር። የሰፈሬ ሰው ግን የሚያውቀኝ በቅኔ አልነበረም፤ መርዶ በመንገር ነበር። በእኛ አገር ሰው ልጁ ወይም ወንድሙ በሩቅ ቢሞትበት ወሬውን በድንገት፣ ብቻውን እንዲሰማ አይፈቀድም። ሽማግሌዎች ማልደው ይሰበሰቡና ከደጁ ይደርሳሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ አፍ ይሆናል። ያ አፍ ለሠላሳ ዓመት ያህል እኔ ነበርሁ። ሥራው የራሱ ሥርዓት አለው። ባለ ሐዘኑ ቆሞ አይነገረውም። ዘመድ ወዳጁ አስቀድሞ በጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ይጠብቃል። ንግግሩ ከሩቅ ይነሣል፤ ከሰው ልጅ እንግድነት፣ ከአባቶች ሞት ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ይቀርባል፤ የሟቹ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቅ ነበር። «የኔታ የነገሩት ሐዘን ይቀላል» ይባልልኝ ነበር፤ እኔም አምኜ እቀበለው ነበር።

ባለቤቴ ታንጉት ትባላለች። የተወለደችው በደንቢያ፣ ጎርጎራ አጠገብ፣ ከጣና ዳር ነው። አግብቻት ወደ ጎንደር ካመጣኋት በኋላ አርባ አምስት ዓመት አብረን ኖረናል። እሷ እኔን «አንቱ» ትለኝ ነበር፤ በአንቱታዋ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ሳቅ ነበረበት። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ወልደናል፤ አይከል ተድራ፣ እዚያው አስተማሪ ሆና ትኖራለች።

በመጋቢት ወር የታንጉት እግር ያብጥ፣ ትንፋሿም ያጥር ጀመር። ሆስፒታል ወሰድኋት። ምርመራው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ እሷን ከውጭ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ወጣት ነበር።

«የኔታ፣ አላስታወሱኝም መሰለኝ» አለኝ። «አባቴ የሞተ ጊዜ ለእናቴ የነገሯት እርስዎ ነበሩ።»

«እግዜር ያጥናችሁ» አልሁት።

«አሁን ደግሞ እኔ ለእርስዎ ልነግር ነው። የእማማ ልብ በጣም ደክሟል። መድኃኒቱ ትንፋሿን ያቀልላታል እንጂ አያድናትም። የቀራት ሳምንታት ናቸው፤ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ያልጨረሰችው ነገር ካለ ትጨርስ፤ ይንገሯት።»

«አንተ ብትነግራትስ?»

«እነግራታለሁ፤ ሥራዬ ነው። ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ለእኔ ተውልኝ» አልሁት።

ስወጣ ታንጉት ከመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «ምን አለ?» አለችኝ።

«መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ትውሰድ አለ።»

ፊቴን ጥቂት አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንግዲህ እንሂዳ» ብላ ክንዴን ያዘች።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልሁ። አንባቢ ሆይ፣ ስንፍና አልነበረም፤ በየማለዳው ንግግር አዘጋጅ ነበር። ለሰው የተናገርሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አነሣሁና ጣልሁ። ችግሩ ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። መርዶ የሚነገረው ለሚቀረው ሰው ነው። ለሚሄደው ሰው የሚነገርበትን ሥርዓት ማንም አላስተማረኝም። እኔ ግን ከማውቀው ሥርዓት መውጣት አቃተኝ፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ እንዴት እናገራለሁ እላለሁ፤ ዘመድ ብሰበስብ ደግሞ ሳልነግራት ታውቀዋለች እላለሁ። ትርንጎን ልጥራት እልና፣ ልጅቱ እያለቀሰች ብትገባስ ብዬ ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ። እንዲህ ስል ሚያዝያ ገባ፤ ትንሣኤ አለፈ።

ከትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን ከደጅ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ፣ «አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ።

«ምን?»

«ሐይቁን ልየው።»

ጎርጎራ የሞተር ጀልባ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ። «በሞተርማ ምኑን አየሁት? ሲንደቀደቅ ውሎ ራሴን አዙሮኝ ልመለስ? በታንኳ ነው የምሄድ። አያ ሞላ አለ አይደል?»

አያ ሞላ ከእሷ ጋር አንድ መንደር ያደገ፣ ዕድሜውን በሙሉ ጣና ላይ የቀዘፈ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ሰባን አልፎ ነበር። እኔም በልቤ፣ ሰው በሌለበት፣ ውኃ ላይ፣ እዚያ እነግራታለሁ አልሁ። እግረ መንገዴንም ከዳሩ ማዶ ካለች ደሴት፣ ከገዳሙ ጠበል ልቀዳላት አሰብሁ። ቀኑን ቆረጥሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር ሳላዘጋጅ ቀን ቆረጥሁ።

በሚኒባስ ጎርጎራ ወርደን በእህቷ ልጅ ቤት አደርን። በማግስቱ ማለዳ ከዳሩ ስንደርስ አያ ሞላ ታንኳውን ከውኃው ጫፍ አስቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ረጃጅሙ አገዳ እየታሰረ ይነባበርና ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። ሰውየው ለእሷ ሲል ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቁሞ አድርቆት ኖሯል።

«አያ ሞላ! ዛሬም አለህ?» አለችው።

«ምን ላድርግ፣ ሐይቁ ስንቴ ሊወስደኝ አፉን ከፍቶ ‘ይኸ ሥጋ አርጅቷል’ እያለ ይተፋኛል» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቁም ነገሩን ተናገረ። «የኔታ፣ ደንገል ውኃ ይጠጣል። በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ጧት ሐይቁ ሸጋ ነው፤ ቀትር ሲያልፍ ነፋስ ይነሣበታል። ደሴቱ ደርሰን፣ ጠበልዎን ቀድተው፣ አምስት ሰዓት ላይ እዚህ መሆን አለብን። ታማሚ ይዘናል።»

«በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ» አልሁት።

ታንጉትን ከመካከል፣ ከፍ ባለ የደንገል ነዶ ላይ አስቀመጥናት። አያ ሞላ ከኋላ ቆመ። እኔ ከፊት፣ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ተቀመጥሁ። ሁለት እጆቼ የታንኳውን ጠርዝ ጨብጠው ነበር።

«አየሃቸው?» አለችው ለአያ ሞላ በአገጭዋ ወደ እኔ እያመለከተች። «ጥምቀት ላይ እንኳ ውኃው እንዳይረጫቸው ከዋርካ ጀርባ ነው የሚቆሙ።»

«ዋርካውን ደግፈው ይዘውት ይሆናላ» አላት። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሐይቁ የዚያን ዕለት እንደዚያ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። መቅዘፊያው ሲገባና ሲወጣ ከሚያሰማው ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። በስተ ግራችን ሻላ የሚባሉት ነጫጭ የሐይቅ ወፎች ተርታ ሠርተው ተንሳፍፈዋል፤ ስንቀርባቸው ሳይበሩ ጥቂት ገለል ብለው አሳለፉን። ታንጉት እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ ጣቶቿን ዘርግታ ትመለከት ነበር። ከጥቂት በኋላ ትርፉን መቅዘፊያ አነሣችና፣ «እስቲ ልየው፣ ረስቼው እንደሁ» አለች።

«ተይ፣ ትንፋሽሽ» አልኋት።

አልሰማችኝም። በግራ፣ በቀኝ፣ በግራ። እጇ አልረሳም ነበር። አሥር ጊዜ ያህል እንደቀዘፈች ደረቷ ይወጣና ይወርድ ጀመር፤ መቅዘፊያውን ከጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ሰማይ አየች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ለመግለጽ ሙያዬ አይበቃም።

አሁን ነው አልሁ።

«ታንጉት።»

«አቤት።»

«ፀሐዩ... ፀሐዩ አልበዛብሽም?»

ረዘም አድርጋ አየችኝ። «አልበዛብኝም። ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ዓይኗን ወደ ሻላዎቹ መለሰች።

ሦስት ሰዓት ገደማ ደሴቱ ደረስን። ገዳሙ ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ከማረፊያው ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ ድንጋይ ቆሟል፤ ሴቶች ከዚያ አያልፉም፤ ከሥሩ ባለው የሾላ ዛፍ ጥላ ውስጥ ሆነው ይሳለማሉ። ታንጉትን ከዛፉ ሥር ጋቢ አንጥፈን አስቀመጥናት። ጠበሉን የምቀዳበትን ጀሪካን ይዤ ስነሣ፣ «ቶሎ ይምጡ» አለችኝ። ድምፅዋ ልመና አልነበረውም፤ እንዲያው የሚጠበቅ ሰው እንደሚባለው ነው ያለችኝ። «ስመለስ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አልኋት። ይህን ማለቴ በራሱ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር። «እሺ። እዚሁ ነኝ» አለችኝ።

ጠበሉን ለመቅዳት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ጀሪካኑን አንሥቼ ልወርድ ስል የገዳሙ መጻሕፍት ጠባቂ የሆኑ አንድ አባት አወቁኝ።

«የጎንደሩ መሪጌታ አይደሉም? እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት! አንዲት ብራና አለችን፤ ተአምረ ማርያም ናት። የመጨረሻዋ ቅጠል ደብዝዛ ማን እንደጻፋት ማንበብ አቅቶን ይኸው ስንት ዓመታችን። ይችን ብቻ ይዩልን።»

«አባቴ፣ ከታች የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

«ይችን ብቻ።»

እዚህ ላይ ራሴን አልደብቅም። ብራናዋ አስገድዳ አልያዘችኝም። በቀለሙ ጥራት፣ በአጣጣሉ ውበት ተማርኬ ነበር ብል ግማሹን እውነት ብቻ መናገር ይሆናል። የመጀመሪያዋን ቅጠል ስገልጥ ከሆስፒታሉ ከወጣሁ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ወረደልኝ። ቀለም ስለ ሞት አይጠይቀኝም። አንዱን ቃል ለይቼ ሌላውን እሻለሁ፤ የደበዘዘውን ፊደል በፀሐይ አጋድሜ አያለሁ፤ አባ አጠገቤ ሆነው «እንዴታ!» ሲሉ ደስ ይለኛል። የጸሐፊውን ስም አገኘሁት። ከዚያ በኅዳጉ የተጻፈውን ልይ አልሁ። ከዚያ ደግሞ አባ አንድ ሌላ መጽሐፍ አመጡ። እኔም፣ አሁን እነሣለሁ እያልሁ፣ ልክ እንደ አሥራ አንዱ ቀን፣ አልተነሣሁም። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከመጽሐፉ ላይ ፈቀቅ ሲል ነው ፀሐይ አናት ላይ እንደደረሰች ያስተዋልሁት።

ስወርድ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሾላው ሥር አያ ሞላ እግሩን አንፈራጥጦ ቆሞ ነበር።

«ምነው የኔታ! ምነው!» አለኝ። «ፀሐይዋን አላዩዋትም? ሐይቁን ይመልከቱት እስቲ!»

ሐይቁ ከጠቆረ ቆይቷል። ከጎርጎራ በኩል ሞገድ ይመጣል። ታንጉት ጎኗን ለዛፉ ሰጥታ፣ ራሷን ከግንዱ አስደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗ እኔ የወረድሁበት መንገድ ላይ ነበር።

«መጡ?» አለችኝ።

«መጣሁ። ይቅር በይኝ፣ አንድ ብራና...»

«አገኙት የሚፈልጉትን?»

«የጸሐፊውን ስም አገኘሁት።»

«እሰይ» አለችና ዓይኗን ከደነች። ጠበሉን በጥዋ ሰጠኋት፤ ከንፈሯን አርሳ መለሰችልኝ።

«ልንሄድ ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለም» አለ አያ ሞላ። «እዚህ ሌሊት ቢብስባት ምን እናደርጋለን? ሐኪም የለ፣ ሴት የለ። የኔታ፣ እርስዎም ይቀዝፋሉ። ፊትዎን ወደፊት ያድርጉ፣ ሞገዱን በታንኳው አፍንጫ እንውጋው፤ በጎን ከያዘን አለቀልን።»

ከነዶው ላይ አስቀመጥናትና በጋቢ ጠቀለልናት። እኔ ከፊት ተንበርክኬ መቅዘፊያ ያዝሁ፤ ጀርባዬ ወደ እሷ ሆነ። ደንገሉ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ሲጠጣ ውሎ ከብዷል፤ በየሞገዱ ውኃው በጉልበቴ መካከል ያልፍ ነበር። አሥር ክንድ እንሄዳለን፣ አምስት እንመለሳለን። በሰላም ጊዜ አንድ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ እንደማያልቅ ሆነ።

«በርቱ የኔታ!» ይለኛል አያ ሞላ። «ቅኔ አይደለም፣ ክንድ ነው!»

ከግማሹ በኋላ አንድ ልሳነ ምድር ከነፋሱ ጋረደንና ሐይቁ ጥቂት ተንፈስ አለ። ያን ጊዜ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ ዓይኗም እኔን ሳያይ፣ አፌ ተከፈተ።

«ታንጉት» አልሁ። «የሰው ልጅ በዚህ ዓለም እንግዳ ነው...»

ወዲያው በራሴ አፈርሁ። ለሰው ሁሉ የተናገርሁት ቃል ነበር። ቀዘፍሁ። ደግሞ ጀመርሁ።

«ሐኪሙ የነገረኝን ደብቄሻለሁ። ልብሽ አይድንም ብሎኛል። ሳምንታት ናቸው ብሎኛል። አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ፈራሁ፣ ታንጉት። ለስንት ቤት ነግሬ፣ ለአንቺ ስሆን አፌ ተያዘ።»

አልመለሰችም። ታለቅሳለች ብዬ አልዞርሁም። ብዞር እንደማልቀጥል አውቃለሁ። ከኋላዬ የአያ ሞላ መቅዘፊያ አንድ ጊዜ ሳተ፤ ውኃውን በከንቱ መታ፤ ከዚያ ወደ ልኩ ተመለሰ። ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ቀጠልሁ።

«ትርንጎን እጠራታለሁ። ዛሬውኑ እደውላለሁ። የምትይው ካለ ለእሷ በያት፤ ለእኔም በይኝ። ያስቀየምሁሽን ሁሉ ቁጠሪልኝ፣ አንድ ሳታስቀሪ። አርባ አምስት ዓመት አንድም ቀን እንደምወድሽ ነግሬሽ አላውቅም። ለስንቱ በዓል ተቀኝቼ ለአንቺ አንድ የቅኔ ቤት አልሞላሁልሽም። ያለ አንቺ ቤታችንን ከፍቼ እንዴት እንደምገባ አላውቅም። ይህን ነው መናገር የፈራሁት እንጂ የአንቺን መሞት ብቻ አይደለም።»

ዳሩ እየቀረበ ነበር። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ይታዩኛል።

«ትሰሚኛለሽ?» አልሁ።

ከኋላ መልስ የሰጠኝ አያ ሞላ ነበር። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

«የኔታ፣ መቅዘፊያውን ያስቀምጡና ዞር ይበሉ።»

ዞርሁ። ታንጉት ራሷን ወደ ትከሻዋ ጥላ፣ እንደ ተቀመጠች፣ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ነበር። እጇን ያዝሁት። የረጠበ ነበር፤ አልጨበጠኝም።

ከዳር ስንደርስ የሆነውን ብዙ አልናገርም። ሰው ተሰበሰበ፤ እሪታው ተነሣ። ከጎንደር የመጡት ዘመዶቼ አስከሬኑ ወደ ደብራችን ይሂድ አሉ፤ የመቃብር ቦታችን እዚያ ነበርና። መኪናም ተጠራ። ያን ጊዜ አያ ሞላ ከሰው መካከል ወጥቶ፣ «አትሄድም» አለ። «እዚሁ፣ ከናቷ አጠገብ ቅበሩኝ ብላለች። ዛሬ ከሾላው ሥር ነው ያለችኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ አያ ሞላ አየሁ። መቃብሯን የተናገረች ሴት እንደምትሞት ታውቅ ነበር ማለት ነው። «እንዳለችው ይሁን» አልሁ።

ትርንጎ ከአይከል የደረሰችው አፈር ሊገባ ሲል ነው። ለእሷም መርዶ ነጋሪ ተልኮላት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጋሪው እኔ አልነበርሁም። ለቅሶዋ ሲበርድ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ሐኪሙ ነግሮዎት ነበር አሉኝ። እውነት ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ከአይከል ጎንደር እኮ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም» አለች። ከዚህ የበለጠ አልወቀሰችኝም። ዛሬም ትጠይቀኛለች፤ ዕንቁጣጣሽ ሳትቀር ትመጣለች፤ ያን ዐረፍተ ነገር ግን መልሳ አልወሰደችውም፤ እኔም እንድትወስደው አልጠየቅኋትም።

በአርባው ተዝካር አያ ሞላ መጣ። ሰው በልቶ ሲበተን ይዤው ከጓሮ ወጣሁ።

«ከሾላው ሥር ያለችህን ንገረኝ» አልሁት።

በትሩን መሬት ላይ አሾረው። «ሁሉን ታውቅ ነበር፣ የኔታ። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ነው ያወቀችው። ‘የመርዶ ፊታቸውን ለብሰው ወጡ’ አለችኝ። ‘ሠላሳ ዓመት ማለዳ ማለዳ ያን ፊት አድርገው ከቤት ሲወጡ በር የምከፍትላቸው እኔ ነኝ፤ እንዴት አላውቀውም?’ አለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለች?»

«‘እሳቸው ይጀምሩት’ አለቻ። ‘እኔ ከጀመርሁት፣ ሳልነግራት አወቀች ብለው ይሰበራሉ። ዛሬ ሊነግሩኝ ነው ያመጡኝ። አሁን ሲወርዱ ይነግሩኛል’ አለች። ከዚያ ያንን መንገድ ስታይ ዋለች። ጋደም በይ ብላት፣ ‘ሲመጡ ተኝቼ ካገኙኝ መልሰው ያሳድሩታል’ ብላ እንቢ አለችኝ። ሦስት ሰዓት ከግማሽ ነው፣ የኔታ። ሄጄ ልጥራዎት ብዬም ተነሥቼ ነበር። ‘ተዋቸው፣ ልባቸውን እየሰበሰቡ ነው’ አለችኝ።»

ልቤን እየሰበሰብሁ! ቀለም እየለቀምሁ ነበር።

«ታንኳው ላይስ? ሰምታኝ ነበር?»

አያ ሞላ ፊቱን አላዞረብኝም። «አልሰማችዎትም። ልሳነ ምድሩ ጋ ሳንደርስ ዐርፋለች። አንገቷ ሲወድቅ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገር ምነው አላቆምኸኝ?»

«እንዴት ላቁምዎት? እሷ እንደሆነች አትመለስ። እርስዎ ደግሞ ገና መጀመርዎ ነበር» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ሰምታዎታለች ሊለኝ ይችል ነበር። የሚመሰክርበት አልነበረም። አብዛኛው ሰው፣ እኔም ጭምር፣ እንዲህ ላለ ሐዘንተኛ ያን ትንሽ ውሸት አንነፍገውም። እሱ ስለነፈገኝ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መርዶ መንገር ተውሁ። ሰዎች ሐዘን ሰብሮት ነው አሉ፤ ግን አይደለም። ሙያዬ ሁሉ ሰውን ከድንጋጤ ሳይሆን የራሴን ፊት የምጠብቅበት እንደ ነበር ስለ ተረዳሁ ነው። አሳምሬ እናገር የነበረው የእኔ ቤት ስላልነበረ ነው።

ለዚያ ጎረቤቴ የምለው ይህን ነው። የተመቸ ቀን አትፈልግ፤ የለም። ያማረ ቃልም አትፈልግ፤ ያማረው ቃል መደበቂያ ነው። ተቀመጥና ፊቷን እያየህ ተናገር፤ ብታለቅስ አልቅስ። ምናልባት አስቀድማ አውቃ፣ አንተን እየጠበቀች ይሆናል። ሰው በተመቸው ጊዜ የሚናገር ይመስለዋል እንጂ የሚሰማው ጆሮ ጊዜው ውሱን ነው። ይህን ስጽፍ የማስተምር መስዬ ከታየሁ ይቅርታ፤ ዕድሜ ልክ ያስተማረ ሰው ልማዱን ቶሎ አይተውም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ዓመት ከሞላ በኋላ መቃብሯን ልሳለም ወርጄ አያ ሞላን ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ቀዘፋ ትቷል። ብዙ ካወራን በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀኝን ጠየቅሁት።

«ብነግራት ኖሮ፣ ምን ልትመልስልኝ ነበር? ያን አልነገረችህም?»

«ጠይቄያት ነበር» አለ። «‘ምን ትያቸዋለሽ?’ ብያት ነበር። ሳቀችብኝ። ‘አንተን ምን አገባህ፣ እሱ የእሳቸው ነው’ አለችኝ።»